የኢዲቲኤ ቲትሬሽን ቁጥር አልገጥም ላላችሁ፦ የውሃ ጥንካሬን ከናሙና እስከ ሪፖርት በትክክል መለካት

ሦስት ጊዜ ቲትሬት አደረጋችሁ፤ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየምን አስሮ የሚይዘውን ኬሚካል፣ ኢዲቲኤን፣ ቀለሙ እስኪለወጥ እያንጠባጠባችሁ የፈጀውን ለካችሁ። አንዱ 9.4፣ አንዱ 9.8፣ አንዱ 10.3 ሚሊ ሊትር መጣ። ሰዓቱ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ቀርቶታል። ጎን ያለው ግሩፕ ጨርሶ እቃ እያጠበ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ተስፋ ይቆርጥና የጎረቤቱን ቁጥር ይቀዳል። እዚያ እንዳትደርሱ ነው ይህን የምጽፈው።

ጎንደር ላይ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ተማሪዎችን ሳግዝ ደጋግመው ሲቸገሩበት የማየው ላብ የውሃ ጥንካሬ ነው፤ ሃርድነስ የምንለው። ውሃው ውስጥ ያለው የካልሲየምና የማግኒዚየም መጠን ማለት ነው። ሳሙና አላረፋ የሚለው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተወው ውሃ ጥንካሬው ከፍ ያለ ነው። ስሌቱ አንድ መስመር ስለሆነ ሥራውም ቀላል ይመስላል። ቁጥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ቡሬቱ (ኢዲቲኤው የሚንጠባጠብበት ረጅሙ የመለኪያ ቱቦ) ሳይከፈት ነው። ስለዚህ ለዝግጅቱ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ፤ እሱን ዘላችሁ ወደ ቲትሬሽኑ አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ከላቡ በፊት ያለው ማታ

ማንዋሉን ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ ማስቀመጥ እንደ ማንበብ አይቆጠርም። ደብተር አውጡና እነዚህን በእስክሪፕቶ ጻፉ።

1. የምትመዝኑትን መጠን አስቀድማችሁ አስሉ። 500 ሚሊ ሊትር 0.01 ሞላር ኢዲቲኤ ከፈለጋችሁ 372.24 × 0.01 × 0.5 = 1.86 ግራም ነው።
2. ሰንጠረዥ አስምሩ። የመጀመሪያ ንባብ፣ የመጨረሻ ንባብ፣ ልዩነት። ለእያንዳንዱ ቲትሬሽን አንድ ዓምድ ሆኖ፣ ሦስት ሳይሆን አምስት ዓምድ ይኑረው፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታዩታላችሁ።
3. "ለምን ፒኤች 10?" የሚለውን በራሳችሁ ቃል መልሱ። ፒኤቹ ከወረደ ኢዲቲኤው ሃይድሮጅን ተሸክሞ ስለሚቀር ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥብቆ አይዝም፤ ኢንዲኬተሩም (መድረሻውን በቀለም የሚያሳየን) ቀለሙን በደንብ አይለውጥም። በጣም ከወጣ ደግሞ ማግኒዚየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። በቃል የምትጠየቁትም ይህንኑ ነው።

ላብ ውስጥ ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ላይ አትጻፉ። ወረቀቱ ከጋዋን ኪስ ጋር ይታጠባል።

ደረጃ 2፦ ናሙናውን ማምጣት

ንጹህ ሃይላንድ በቂ ነው። ለስላሳ መጠጥ ወይም ዘይት የነበረበት አይሁን።

ቧንቧውን ክፈቱና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፍሰስ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ግዴታ ነው። ለቀናት ጠፍቶ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ የቧንቧውን ዝገት ይዞ ይወጣል። ብረት ደግሞ ኢንዲኬተሩን ያንቀዋል፤ ቀለሙ መሀል ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚፈሰውን በባልዲ ተቀበሉት፤ ለወለል ይሆናል።

ከዚያ ሃይላንዱን በራሱ በናሙናው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። እስከ አፉ ሙሉት። ክዳኑን ግጠሙና ወዲያው ጻፉበት፦ "ቀበሌ 18፣ የቧንቧ ውሃ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡30"። "ውሃ 1" እና "ውሃ 2" ብላችሁ አታምጡ። ላብ ስትደርሱ የትኛው የአዘዞ ጉድጓድ፣ የትኛው የማራኪ ቧንቧ እንደነበር ትረሱታላችሁ።

ከሮቶ ወይም ከጄሪካን የቀዳችሁት ከሆነም እንደዚያው ጻፉ። ስህተት አይደለም፤ ግን የቧንቧ ውሃ ነው ብላችሁ ሪፖርት ማድረግ አትችሉም። የደፈረሰ ከሆነ በፊልተር ፔፐር አጣሩት። በዚያው ቀን ካልሠራችሁበት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ ስትሠሩበት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይመለስ።

ደረጃ 3፦ ዲስቲልድ ውሃውን ሳትፈትኑ አትንኩት

ይህን ደረጃ ብዙ ማንዋል አይጽፈውም። እኔ ግን ከሁሉም በፊት አድርጉት እላለሁ።

ሁለተኛ ዓመት እያለሁ አንድ ሙሉ ከሰዓት አጥቻለሁ። ብላንካችን ከ2 ሚሊ ሊትር በላይ ሄደ። ብላንክ ማለት ምንም ናሙና የሌለበት ውሃ ነው፤ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ቡሬት ቀየርን፤ ኢንዲኬተር ቀየርን፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ ያገኘነው "ዲስቲልድ" ተብሎ የተጻፈበት ጄሪካን ውስጥ የነበረው የቧንቧ ውሃ ነበር። ማን እንደሞላው አላወቅንም። ጽሑፉን አምነን ነው የቀዳነው።

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

1. 50 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ኮኒካል ፍላስክ ውስጥ አድርጉ።
2. 1 ሚሊ ሊትር በፈር (ፒኤቹን 10 ላይ የሚይዘውን) ጨምሩ።
3. ትንሽ ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ (ኢንዲኬተራችንን) ጨምሩና አወዛውዙ።

ሰማያዊ ከሆነ ውሃው ንጹህ ነው። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ከሆነ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም አለበት።

ቀይ ቢሆንስ? ሌላ ውሃ ጠይቁ። ሌላ ከሌለ እስኪሰማያዊ ድረስ በኢዲቲኤ ቲትሬት አድርጉትና መጠኑን ጻፉ፤ ያ ብላንካችሁ ነው፤ በኋላ ትቀንሱታላችሁ። ከግማሽ ሚሊ ሊትር ከበለጠ ግን ሥራውን አቁሙና ለቴክኒሺያኑ ንገሩ። በእንደዚህ ያለ ውሃ የተዘጋጀ ስታንዳርድ (መጠኑ በትክክል የታወቀ ሶሉሽን) አይታመንም።

ደረጃ 4፦ ሶሉሽኖቹን ማዘጋጀት

ኢዲቲኤ

መጀመሪያ የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ። የሞላር ክብደቱ 372.24 ካለ ዳይሶዲየም ጨው ነው፤ የምትፈልጉት እሱን ነው። 292.24 ካለ አሲዱ ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟላችሁም። ግማሽ ሰዓት በዘንግ ሲያማስሉ የምታዩዋቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የተሳሳተውን ጠርሙስ ያነሱ ናቸው።

1.86 ግራም መዝኑ። 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ አሟሙ። ትክክለኛውም ቢሆን ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው፤ 15 ደቂቃ ስጡት። ሲጠራ ወደ 500 ሚሊ ሊትር አድርሱት።

አሁን ወደ 0.05 ግራም የማግኒዚየም ክሎራይድ ሄክሳሃይድሬት ጨምሩበት። ምክንያቱን ልብ በሉ። ካልሲየም ብቻውን ከኢንዲኬተሩ ጋር ያለው ትስስር ደካማ ነው። ስታንዳርዳችሁ ደግሞ ንጹህ ካልሲየም ነው። ማግኒዚየም ከሌለ ቀለሙ ቁርጥ ብሎ አይለወጥም፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ አታውቁም። በፈራችሁ ውስጥ ማግኒዚየም-ኢዲቲኤ ካለ ይህ አያስፈልግም፤ ቴክኒሺያኑን ጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማግኒዚየሙን የምትጨምሩት ስታንዳርዳይዝ ከማድረጋችሁ (ትክክለኛ ሞላሪቲውን በስታንዳርዱ ከመለካታችሁ) በፊት ብቻ ነው። በኋላ ከጨመራችሁ የኢዲቲኤው ሞላሪቲ ተለውጧል፤ ያሰላችሁት ሁሉ ከንቱ ነው።

ያለቀውን ኢዲቲኤ በፕላስቲክ ጠርሙስ አስቀምጡ። ብርጭቆ ቀስ በቀስ ካልሲየም ይለቅበታል።

ካልሲየም ካርቦኔት ስታንዳርድ

በ110 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አድርቁት። ዴሲኬተር ውስጥ ይቀዝቅዝ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ሰዓቱን እንደገና ቁጠሩ፤ "አንድ ሰዓት ሞቋል፣ ይበቃል" አትበሉ። ትኩሱን ደግሞ በፍጹም አትመዝኑ። የሞቀ እቃ ባላንሱ ውስጥ አየሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ ቁጥሩ ይዋዥቃል፤ ከእውነተኛው ክብደት ዝቅ ብሎም ይነበባል።

ወደ 0.25 ግራም አካባቢ መዝኑና አራቱንም አሃዞች ጻፉ። 0.2514 ከመጣ 0.2514 ነው። 0.2500 ላይ ለማድረስ በስፓቱላ ስትጨምሩ ስትቀንሱ አትቆዩ። ያ ሰዓት ያባክናል፤ ዱቄቱም አየር ላይ ይቆያል። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ እንጂ ክብ ቁጥር ማግኘት አይደለም የሚያስፈልጋችሁ።

አሟሟቱ እንዲህ ነው፦

1. ቢከር ውስጥ አድርጉትና በትንሽ ዲስቲልድ ውሃ አርጥቡት።
2. በዋች ግላስ ክደኑት።
3. ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርጋችሁ በእኩል ውሃ የተቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ጨምሩ። ይንፈቀፈቃል። በአንዴ ካፈሰሳችሁ ይረጫል፤ የተረጨው የመዘናችሁት ካልሲየም ነው።
4. ጥርት ሲል አቁሙ። ተጨማሪ አሲድ አትጨምሩ፤ በኋላ በፈሩን ይበላባችኋል።
5. የዋች ግላሱን ታች በዲስቲልድ ውሃ አጥባችሁ ወደ ቢከሩ መልሱ።
6. ጥቂት ደቂቃ በቀስታ አፍሉት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይውጣ። ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል አትጠብቁ፤ ሲንተከተክ ፈልቷል።
7. ይቀዝቅዝ። ከዚያ በፈነል ወደ 250 ሚሊ ሊትር ቮሉሜትሪክ ፍላስክ አዛውሩ። ቢከሩን ሦስት ጊዜ አለቅልቃችሁ እጣቢውን እዚያው ጨምሩ።
8. የመጨረሻውን ግማሽ ሴንቲ ሜትር በጠብታ ሙሉ። ክደኑና 15 ጊዜ ያህል ገልብጡት።

ከመስመሩ ካለፈስ? ድፉትና እንደገና ጀምሩ። በድሮፐር መጥጣችሁ አታውጡ። ከውሃው ጋር ካልሲየሙም ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንዳላችሁ ማንም አያውቅም። ያናድዳል፤ አውቃለሁ። ግን 40 ደቂቃ ማጣት ይሻላል።

በፈሩና ኢንዲኬተሩ

በፈሩን ብዙ ጊዜ ቴክኒሺያኑ ያዘጋጁታል። ራሳችሁ ከሆናችሁ 6.75 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ በ57 ሚሊ ሊትር ኮንሰንትሬትድ አሞኒያ አሟሙና በውሃ 100 ሚሊ ሊትር አድርሱት። ሁሉም ፊውም ሁድ ውስጥ፣ መነጽርና ጓንት ተደርጎ። ሁዱ የማይሠራ ከሆነ አትክፈቱት። ክዳኑ ሲላላ አሞኒያው ይተናል፤ ፒኤቹ ይወርዳል። ስለዚህ የቆየ በፈር ካገኛችሁ ናሙናው ላይ ጨምራችሁ በፒኤች ወረቀት እዩ። 10 አካባቢ ካልሆነ አትጠቀሙበት። አፍንጫችሁን ጠርሙሱ ላይ አድርጋችሁ አታሽትቱ።

ኤሪዮክሮም ብላክ ቲ በፈሳሽ መልክ ሲቆይ ይበላሻል። ቡናማ ከሆነ ሞቷል። ደረቁን ከገበታ ጨው ሳይሆን ከላቡ ንጹህ ሶዲየም ክሎራይድ ጋር 1 ለ100 ፍጩት፤ ወራት ይቆያል። የምትጨምሩት የክብሪት ራስ የምታክል ብቻ ነው። ብዙ ከሆነ ፈሳሹ ይጨልምና ለውጡ አይታይም።

ደረጃ 5፦ ቡሬቱን ማሰናዳት

1. በዲስቲልድ ውሃ እጠቡት። ግድግዳው ላይ ጠብታ ከቀረ ቅባት አለ፤ በሳሙና ድገሙት።
2. በኢዲቲኤው ራሱ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ሚሊ ሊትር ያህል እያደረጋችሁ አለቅልቁት። ይህን የዘለለ ሰው ኢዲቲኤውን ቡሬት ውስጥ በቀረው ውሃ አቅጥኖታል።
3. ከዜሮ በላይ ሙሉትና ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁ ጫፉ ላይ ያለውን አየር አስወጡ።
4. ፈነሉን አንሱት።
5. አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ አንብቡ። የግድ 0.00 መሆን የለበትም፤ 0.35 ከሆነ 0.35 ጻፉ።

አራተኛውን የምጽፈው ከራሴ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ቲትሬሽኖቼ በ0.1 እየተለያዩ አስቸገሩኝ። የላቡ ቴክኒሺያን አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ከኋላዬ ቆመው አዩኝና "ልጄ፣ ፈነሉን አንሺው እስቲ" አሉኝ። ቀና ብዬ ሳይ የፈነሉ ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ቲትሬት ሳደርግ ትወድቃለች፤ የቡሬቱ ንባብ ይቀየራል። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሁለት ጠብታ ያን ሁሉ ሰዓት ፈጀብኝ።

ንባቡ በዓይን ልክ ይሁን። የጎበጠውን ፈሳሽ ታችኛውን ጫፍ አንብቡ። ቡሬቱ በ0.1 ቢከፋፈልም ሁለተኛውን አሃዝ ገምቱና ጻፉ፦ 9.4 ሳይሆን 9.42። አጭር ከሆናችሁ ቡሬቱን ከስታንዱ ዝቅ አድርጉት፤ በእግር ጣት ቆማችሁ አታንብቡ። አንድ ሰው ብቻ ያንብብ፤ ግሩፑ እየተቀያየረ ካነበበ የእያንዳንዱ ዓይን ስህተት ይደባለቃል።

ደረጃ 6፦ ኢዲቲኤውን ስታንዳርዳይዝ ማድረግ

25 ሚሊ ሊትር ስታንዳርድ በፒፔት ውሰዱ። ፒፔቱን በአፍ አትምጠጡ፤ ፊለር ተጠቀሙ። ሲፈስ ጫፉን ግድግዳው ላይ አስደግፉ። ጫፉ ላይ የምትቀረውን አትንፉባት፤ ፒፔቱ የተለካው እሷን ትቶ ነው። ኮኒካል ፍላስኩን በዲስቲልድ ውሃ ብቻ አለቅልቁ። በስታንዳርዱ ወይም በናሙናው ካለቀለቃችሁት ከፒፔቱ በላይ ጨምራችኋል።

25 ሚሊ ሊትር ያህል ዲስቲልድ ውሃ፣ 2 ሚሊ ሊትር በፈር፣ ከዚያ ኢንዲኬተር። ፒኤቹን በወረቀት እዩ። ቲትሬት አድርጉ።

ስሌቱ እንዲህ ይሄዳል። 0.2514 ግራም መዝናችሁ 250 ሚሊ ሊትር ካደረጋችሁት፣ የካልሲየም ካርቦኔት ሞላር ክብደት 100.09 ስለሆነ ስታንዳርዱ 0.01005 ሞላር ነው። 25.00 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 0.2512 ሚሊሞል አለ። ቡሬቱ 24.82 ካነበበ፦ 0.2512 ÷ 24.82 = 0.01012 ሞላር። ከዚህ በኋላ የምትጠቀሙት ይህን ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን 0.01 እርሱት።

ደረጃ 7፦ ናሙናው፣ ቀለሙና የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁ

50 ሚሊ ሊትር ናሙና፣ 1 ሚሊ ሊትር በፈር፣ ኢንዲኬተር። በፈሩ ከገባ ጀምሮ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ከቆየ ካልሲየሙ ካርቦኔት ሆኖ መዝቀጥ ይጀምራል። ስለዚህ ሦስቱንም ፍላስክ በአንዴ በፈር አድርጋችሁ አትደርድሩ፤ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው።

አሁን ስለ ቀለሙ። ማንዋሉ ከ"ዋይን ሬድ" ወደ ሰማያዊ ይለወጣል ይላል። እኛ ቃሉን በአማርኛ ስናስበው "ወይን ጠጅ" ይመጣብናል። ወይን ጠጅ ግን ለእኛ ሐምራዊው ነው፤ እሱ ደግሞ የመንገዱ መሀል ነው። ስንት ተማሪ ወይን ጠጁ ሲመጣ "ደረስኩ" ብሎ እንዳቆመ! መነሻው የቀይ ወይን ቅላት ነው። መሀሉ ወይን ጠጅ ነው። መድረሻው ምንም ቅላት የሌለበት ሰማያዊ ነው።

በዓይናችሁ ካልተማመናችሁ መመሳከሪያ ሥሩ። ደረጃ 3 ላይ ሰማያዊ የሆነውን ፍላስክ ጎን አስቀምጡትና ከእሱ ጋር አስተያዩ። ከሥር ነጭ ወረቀት አድርጉ። መስኮት ዳር ሁኑ፤ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ያደናግራል።

የመጀመሪያውን ዙር ፈጠን አድርጉና ግምታዊውን ቁጥር ያዙ። በሚቀጥሉት፣ ከዚያ ቁጥር 1 ሚሊ ሊትር ሲቀር ቧንቧውን ወደ ጠብታ አጥብቡ። ወይን ጠጅ ሲጀምር በእያንዳንዱ ጠብታ መሀል ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ጠብቁ። ምላሹ ዘገምተኛ ነው። ጎንደር ጠዋት ሲቀዘቅዝ ደግሞ የባሰ ይዘገያል። የቸኮለ እጅ እዚህ ጋ 0.3 ሚሊ ሊትር ያሳልፋል።

ሲበላሽ

*ወይን ጠጅ ላይ ቆሞ ሰማያዊ አልሆን ካለ፦* መጀመሪያ ፒኤቹን እዩ። 10 ከሆነ ብዙ ጊዜ ብረት ወይም አሉሚኒየም ኢንዲኬተሩን ይዞታል። አዲስ ናሙና ውሰዱና ከበፈሩ በፊት ጥቂት ትራይኢታኖልአሚን (እነሱን አስሮ የሚይዝ ኬሚካል) ጨምሩ። የቆዩ ማንዋሎች ፖታሲየም ሳያናይድ ጨምሩ ይላሉ። አትንኩት። አሲድ ካገኘው የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።

*ሰማያዊ ሆኖ ተመልሶ ከቀላ፦* የዘቀጠ ካልሲየም እየተሟሟ ነው። ያንን ቁጥር ጣሉ። 25 ሚሊ ሊትር ናሙና በ25 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አቅጥናችሁ ፈጠን ብላችሁ ድገሙ።

*ገና ሳትጀምሩ ሰማያዊ ከሆነ፦* ዲስቲልድ ውሃ በናሙናው ቦታ ቀድታችሁ ይሆናል። ሃይላንዱ ላይ የጻፋችሁትን እዩ።

*ከ15 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈጀ፦* ናሙናውን በግማሽ አቅጥኑ። ስሌቱ ላይ መጠኑን 25 ማድረግ አትርሱ።

*ካለፋችሁ፦* "0.2 ቀንሼ እጽፋለሁ" አይሠራም። ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰርዙት፣ አጠገቡ "አለፈ" ብላችሁ ጻፉ፣ ድገሙ። በነጭ ቀለም አትደምስሱት።

ደረጃ 8፦ የማይገጥመውን ቁጥር መጣል ይቻላል?

9.42፣ 9.38 እና 9.81 መጣ እንበል። ዓይን 9.81ን ጣለው ይላል። የኪው ፈተና (የራቀ ቁጥር መጣል ይቻል እንደሆነ የሚለይ የስታቲስቲክስ ስሌት) ግን አይፈቅድም። አሠራሩ ይኸውላችሁ፦ ተጠርጣሪው ከቅርብ ጎረቤቱ ያለው ርቀት 0.39 ነው። ከትንሹ እስከ ትልቁ 0.43 ነው። 0.39 ÷ 0.43 = 0.907። ለሦስት ቁጥር በ90 በመቶ እምነት ገደቡ 0.941 ነው። 0.907 ከዚያ ያንሳል፤ ስለዚህ መጣል አትችሉም።

አራተኛ ቲትሬሽን ሥሩ። 9.40 መጣ። ኪው ያው 0.907 ነው፤ ለአራት ቁጥር ገደቡ ግን 0.765 ነው። አሁን 9.81 በሕጋዊ መንገድ ይወጣል። ሰንጠረዡን አምስት ዓምድ አድርጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አንድ ተጨማሪ ቲትሬሽን ሰባት ደቂቃ ነው፤ ይህን ሰባት ደቂቃ አስቀድማችሁ አትርፉ።

ሪፖርቱ ላይ 9.81ን አትደብቁት። ቁጥሩን፣ ፈተናውንና ውሳኔውን አሳዩ። ነጥብ የሚያስገኝ እሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ስሌትና ሪፖርት

የቀሩት ሦስቱ አማካይ 9.40 ነው። ብላንኩ 0.05 ከሆነ 9.35 ይቀራል።

9.35 × 0.01012 × 100.09 = 9.471 ሚሊግራም ካልሲየም ካርቦኔት። ይህ በ50 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ነው። በ0.050 ሊትር ስናካፍለው 189 ሚሊግራም በሊትር።

(ቁጥሩ ለስሌት ብዬ ያመጣሁት ነው፤ የየትኛውም ሰፈር ውሃ አይደለም።)

ካልኩሌተሩ 189.4143 ቢላችሁም አትገልብጡት። 9.35 ሦስት አሃዝ ስላለው መልሱም ሦስት አሃዝ ነው። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሱት ክፍፍሎች እስከ 60 ለስላሳ፣ እስከ 120 መካከለኛ፣ እስከ 180 ጠንካራ፣ ከዚያ በላይ በጣም ጠንካራ ነው። የምሳሌያችን ውሃ መጨረሻው ላይ ይወድቃል።

ውይይቱ ላይ "ሂውማን ኤረር ነበር" ብላችሁ አትጻፉ። ምንም አይናገርም። የስህተቱን አቅጣጫ ጻፉ። ለምሳሌ ቡሬቱ ጫፍ ላይ አየር ቀርቶ መሀል ላይ ከወጣ፣ ያልፈሰሰ ኢዲቲኤ እንደፈሰሰ ይነበባል፤ ጥንካሬው ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ስታንዳርዳይዝ ስታደርጉ ካለፋችሁ ደግሞ የኢዲቲኤው ሞላሪቲ አንሶ ይሰላል፤ የናሙናው ጥንካሬም አንሶ ይወጣል። እንዲህ መጻፍ የሚችል ተማሪ የሠራውን እንደገባው አስተማሪው በአንድ አንቀጽ ያውቃል። ፈተና ላይ የሚመጣውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ሪፖርቱን ስትጽፉ እያጠናችሁ ነው።

ስሌቱን በዚያው ቀን ማታ ሥሩ። ስህተት ካገኛችሁ ሶሉሽኖቹ ገና አሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሉም።

ደረጃ 10፦ ከመውጣታችሁ በፊት

ቡሬቱን ባዶ አድርጉ፣ ሁለት ጊዜ በዲስቲልድ ውሃ አለቅልቁ፣ ቧንቧውን ክፍት አድርጋችሁ ገልብጣችሁ ስቀሉት። ኢዲቲኤ ውስጡ ካደረ ቧንቧው ይጣበቃል፤ የሚቀጥለው ግሩፕ ሲታገለው ይሰብረዋል። አሞኒያ ያለበትን ቆሻሻ ቴክኒሺያኑ ባሳዩአችሁ እቃ ውስጥ ድፉ።

የተረፈውን ኢዲቲኤ አትድፉት። ፕላስቲክ ጠርሙሱ ላይ "0.01012 ሞላር"፣ ቀኑንና የግሩፓችሁን ቁጥር ጻፉ። ካልሲየሙን ለብቻው የምትለኩበት ላብ ከቀጠለ፣ ፒኤቹን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከ12 በላይ አድርጋችሁ፣ ማግኒዚየሙን አዝቅጣችሁ፣ በሚውሬክሳይድ ኢንዲኬተር የምትሠሩት በዚሁ ኢዲቲኤ ነው። ያን ቀን ግን ከመጀመራችሁ በፊት በዚያው ፒኤችና ኢንዲኬተር አንድ ጊዜ ስታንዳርዱ ላይ ፈትሹትና የምታገኙትን ሞላሪቲ ተጠቀሙ።